ሳይሞቱ አንቅበራቸው

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በትምህርት ቤታችን አንድ ጥያቄ እየተነሣ ያከራክራል። ጥያቄውም «በኮምፒዩተር ክፍላችን በስተኋላ ተደርድረው አቧራ የሚለብሱት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይጣሉ ወይስ ይቈዩ?» የሚል ነው። ይጣሉ የሚሉት ወገኖች ከሁሉ አስቀድመው የሚያቀርቡት ምክንያት፣ መሣሪያዎቹ ከኔትወርክ ጋር መገናኘት አይችሉም የሚል ነው። እኔ የኮምፒዩተር ክበብ አባል እንደ መሆኔ መጠን እነዚህን መሣሪያዎች በቅርብ አውቃቸዋለሁ፤ ከጓደኞቼም ጋር ሆኜ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ አስተያየቴን ለመምህሮቻችን፣ ለወላጆቻችንና ለትምህርት ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት አማካይነት ለማቅረብ ወደድሁ።

አሳቤን በአጭሩ ለመግለጽ፣ አንድ ኮምፒዩተር የዋይፋይ መቀበያው ድራይቨር ስለ ጠፋ ብቻ ሊጣል አይገባውም እላለሁ። ዳሩ ግን ድራይቨሩ ስለ ተገኘ ብቻ፣ ያረጀ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደ ያዘ ወደ ኢንተርኔት ሊለቀቅም አይገባውም። እነዚህ ሁለት አሳቦች የሚጋጩ የሚመስሉት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ቢያነብልኝ፣ የማይጋጩ መሆናቸውን እንደሚረዳልኝ ተስፋ አለኝ።

በመጀመሪያ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ይሆን ዘንድ፣ በተለይም በኮምፒዩተር ሠርተው ለማያውቁ ወላጆች ሲባል፣ ድራይቨር ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ነው። ለእኔ ግን ከሾፌር ይልቅ አስተርጓሚ ቢባል ሥራውን በይበልጥ የሚገልጸው ይመስለኛል። ኮምፒዩተሩን በጠቅላላው የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ ከዚህ ዓይነት ናቸው። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ማለት ማተሚያውም ሆነ የዋይፋይ መቀበያው፣ የየራሱ ቋንቋ አለው። አስተዳዳሪው የዕቃውን ቋንቋ አያውቅም፤ ዕቃውም የአስተዳዳሪውን ትእዛዝ በቀጥታ አይረዳም። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጕመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። አስተርጓሚው ሲጠፋ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዲዳ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፤ ግን የሚያዘው የለም።

ይህም አስተርጓሚ ለሁሉም ጌታ አያገለግልም። ለአንድ ዓይነት ቺፕ የተጻፈው ለሌላው አይሆንም። እንዲሁም ለዊንዶውስ 10 የተጻፈው ለዊንዶውስ ኤክስ ፒ አይሆንም፤ ለ32 ቢት የተጻፈውም በ64 ቢቱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ «ድራይቨር ጠፋ» ሲባል፣ ለዚህ ዕቃና ለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚስማማው ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከምን እንደ መጣ በታሪኩ በኩል እንመልከት። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 የተባለው ደንብ የወጣው በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። በ1999 የወጣው «ቢ» የተባለው ዓይነት 11 ሜጋቢት፣ በ2003 የወጣው «ጂ» የተባለው ዓይነት 54 ሜጋቢት ደረሰ፤ በ2009 ደግሞ «ኤን» ተከተለ። ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር ወር 2001 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ኤክስ ፒ ሲወጣ «ጂ» የተባለው ዋይፋይ ገና አልወጣም ነበር። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የኋለኞቹን መቀበያዎች ድራይቨር ከመጀመሪያው በውስጡ ሊይዝ አይችልም ነበር። ፋብሪካው ድራይቨሩን በሲዲ አድርጎ ከዕቃው ጋር በካርቶን ውስጥ ይልከው ነበር። ዛሬ የሚያስቸግረን እንግዲህ የዚያ ሲዲ ነገር ነው።

ድራይቨሮቹ የጠፉበትን ምክንያት ስመረምር ሦስት ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛው ምክንያት የእኛው የሰዎቹ ቸልተኝነት ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ዕቃው ይወጣል፤ ሲዲው ግን ከነወረቀቱ ይጣላል፤ ወይም ልጆች ሲጫወቱበት ይሰበራል። በተለይ ከሌላ ቦታ ተጠቅመውባቸው የመጡ ኮምፒዩተሮች ያለ ሲዲና ያለ ማስረጃ ወረቀት ስለሚደርሱ፣ ተቀባዩ ዕቃውን እንጂ የዕቃውን ታሪክ አያገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት የአምራቾቹ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስ ፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ደግሞ በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቆመ። ቺፕ ሠሪዎቹም እርስ በርሳቸው ተሸጡ፤ ኤቴሮስ የተባለው ኩባንያ በ2011 በኳልኮም ተገዛ፤ ራሊንክም በዚያው ዓመት በሚዲያቴክ ተገዛ። አንድ ኩባንያ ሲገዛ አሮጌው የኢንተርኔት ገጹ ብዙውን ጊዜ ከነፋይሎቹ ይጠፋል። ያልተሸጡትም ቢሆኑ ያረጀውን እያነሡ ይጥላሉ፤ ለምሳሌ ኢንቴል በ2019 ዕድሜያቸው አልፏል ያላቸውን የብዙ አሮጌ ዕቃዎች ፕሮግራሞች ከገጹ አንሥቷል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ነው። ድራይቨሩ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ግን ድራይቨሩ ያስፈልጋል። በገመድ እናገናኘው ቢባል እንኳ፣ በኤክስ ፒ ላይ የመጨረሻ የሆነው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ዛሬ ገጾች የሚጠይቁትን የምስጢር አጻጻፍ ስለማያውቅ አብዛኞቹ ገጾች አይከፈቱለትም። ክሮም ለኤክስ ፒ አዲስ ማውጣቱን በ2016፣ ፋየርፎክስም በ2018 አቁመዋል። ቁልፉ በቤቱ ውስጥ ተቈልፎበት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ሌላ አዲስ ኮምፒዩተርና አንድ ፍላሽ ከመያዝ በቀር መንገድ የለውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከዚህ በላይ የዘረዘርሁት ሁሉ መሣሪያው መሞቱን የሚያስረዳ አይደለም፤ ማስረጃው መጥፋቱን ብቻ ነው። የጠፋ ነገር ደግሞ በዘዴ ቢፈለግ ይገኛል። ዘዴውን አንዳንድ ተማሪዎች ስለ ጠየቁኝ እዚህ ላይ ባጭሩ ባስረዳ አይጠላም።

ብዙ ሰው ድራይቨር ሲፈልግ በዕቃው ሽፋን ላይ የተጻፈውን የንግድ ስም ይዞ ይነሣል። ይህ የሚያሳስት መንገድ ነው። አምራቾች የአንድን ዕቃ ስም ሳይለውጡ በውስጡ ያለውን ቺፕ ይለውጣሉና። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ቲፒ ሊንክ ያወጣው «ቲ.ኤል. ደብልዩ.ኤን. 722 ኤን» የተባለው በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ መቀበያ ነው። የመጀመሪያው ዕትም የኤቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ ሁለተኛው ዕትም ግን የሪያልቴክ ቺፕ ይዞ ወጣ። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ ሆኖ ሳለ ድራይቨሩ ፈጽሞ የተለየ ነው። በጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የዕትም ቁጥር ያላየ ሰው የአንዱን ድራይቨር ለሌላው ሲሞክር ይውላል።

ትክክለኛው መንገድ ዕቃው ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ቃል መስማት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» የተባለው ሰሌዳ ሲከፈት፣ አስተርጓሚ ያላገኘው ዕቃ ቢጫ ምልክት ተደርጎበት ይታያል። በእርሱ ላይ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ዲቴይልስ» የሚለውን ብንከፍት የዕቃውን መለያ እናገኛለን። መለያው ሁለት ባለ አራት አኃዝ ቍጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው የሠሪውን፣ ሁለተኛው የዕቃውን ማንነት ይናገራል። ለምሳሌ 8086 የሚል ሠሪውን ኢንቴል፣ ከእርሱ ቀጥሎ 4220 የሚል ደግሞ «ፕሮ ዋየርለስ 2200 ቢ.ጂ.» የተባለውን የላፕቶፕ ዋይፋይ ያመለክታል። በአንዳንዶቹ ቍጥሮች መካከል የላቲን ፊደላት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ድረስ ይገኛሉ፤ ይህም በሒሳብ የተማርነው በ16 የመቍጠር ዘዴ ስለ ሆነ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ይህን መለያ የያዘ ሰው ፍለጋው እኩሌታ አልቆለታል። ቀጥሎ የአምራቹን ገጽ ይመለከታል። ከዚያ ጠፍቶ ከሆነ ወደ ኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ይሄዳል፤ ይህ በ1996 በአሜሪካ የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ የጠፉ ገጾችን ቅጂ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ብዙ አሮጌ የድራይቨር ሲዲዎችም ሰዎች በበጎ ፈቃድ አስቀምጠውበት ይገኛሉ። የተገኘውን ከመጫን በፊት ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ከድራይቨሩ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ የስሙ መጨረሻ «አይ.ኤን.ኤፍ.» የሆነ ፋይል አለ፤ ይህ ፋይል በኖትፓድ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ነው። በውስጡ የእኛ ዕቃ መለያ ቍጥር ተጽፎ ከተገኘ ድራይቨሩ ለእኛ ነው፤ ካልተገኘ ግን ስሙ ምንም ያህል ቢመስል ለእኛ አይደለም።

በዚህ ዘዴ ክበባችን 12 አሮጌ ኮምፒዩተሮችን መርምሯል። ከእነዚህ ውስጥ የ7ቱ የኤክስ ፒ ድራይቨር ተገኝቶ በደንብ ሠራ። 3ቱ ለኤክስ ፒ የሚሆን ባናገኝላቸውም፣ ሊኑክስ ሲጫንባቸው ያለ አንዳች ፍለጋ ዋይፋዩን ራሱ አወቀው። 2ቱ ብቻ በዋይፋይ እንቢ ስላሉ በገመድ ተያያዙ። እንግዲህ «አይሠሩም» ከተባሉት 12 ኮምፒዩተሮች አንዱ እንኳ ለመጣል የሚያበቃ አልሆነም።

አሁን የተቃዋሚዎችን አሳብ እንመርምር፤ አሳባቸው ቀላል ስላልሆነ በንቀት ላልፈው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። «አንድ አዲስ የዋይፋይ መቀበያ ውድ አይደለም፤ ለምን ተማሪዎች ለአሮጌው ድራይቨር ሲፈልጉ ይውላሉ?» ይላሉ። መልሴ ይህ ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው አዲስ መቀበያ የተሠራው ለዛሬዎቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ነው፤ ለኤክስ ፒ የሚሆን ድራይቨር በአብዛኛው ይዞ አይመጣም። ገንዘባችንን ከፍለን ያንኑ ችግር ባዲስ ካርቶን እንገዛለን ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው፣ መግዛት ካስፈለገ፣ እንደ ተቀባይ ሆኖ የሚሠራ ትንሽ ራውተር ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ ማያያዝ ነው። ያን ጊዜ የዋይፋዩን ሥራ ራውተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያየው ገመዱን ብቻ ስለ ሆነ የዋይፋይ ድራይቨር አያስፈልገውም። ጊዜን በሚመለከት ግን፣ ተማሪ የአንድን ዕቃ ማንነት መርምሮ ትክክለኛውን ፋይል ለይቶ ሲያወጣ የሚያሳልፈው ሰዓት የባከነ አይደለም። ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ አደጋ ነው፤ እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ድጋፍ የቆመለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም። በሜይ ወር 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን እየቈለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የገባው በዊንዶውስ ውስጥ በነበረ አንድ ቀዳዳ ነበር። ነገሩ ከባድ ስለ ነበረ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመለት ከ3 ዓመት በኋላ እንኳ ለኤክስ ፒ መድፈኛ ለማውጣት ተገደደ። እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ይደረግልናል ብሎ መተማመን ግን ሞኝነት ነው። ስለዚህ በኤክስ ፒ ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮች ወደ ኢንተርኔት አይውጡ እላለሁ። ትምህርት ቤታችን ከኢንተርኔት የተለየ የውስጥ ኔትወርክ አለው፤ በእርሱ መምህራን ያዘጋጁትን ትምህርት ማንበብ፣ መጻፍ፣ ጽሑፍን ወደ ማተሚያ መላክ ይቻላል። ለዚህ ሥራ አሮጌዎቹ ይበቃሉ። ወደ ኢንተርኔት መውጣት የሚገባቸው ወደ ሊኑክስ የተዛወሩት ብቻ ይሁኑ።

ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሌላ የመቀበያው ዕድሜም ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ከ«ቢ» ዘመን የቀሩ አንዳንድ መቀበያዎች የሚያውቁት መቈለፊያ «ዌፕ» የተባለውን ብቻ ነው። ይህ መቈለፊያ የሚከፈት መሆኑን ሊቃውንት በ2001 አሳይተዋል። ከእርሱ የተሻለው «ደብልዩ.ፒ.ኤ. 2» በ2004 ወጣ፤ ኤክስ ፒም ይህን በደንብ የሚያውቀው በ2008 የወጣው ሰርቪስ ፓክ 3 ሲጫንበት ነው። ከእኛ 2ቱ ኮምፒዩተሮች በዋይፋይ እንቢ ያሉት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ድራይቨራቸው ተገኝቶ ሳለ አዲሱን መቈለፊያ አላወቁም። ያን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «የትምህርት ቤቱን ዋይፋይ ወደ ዌፕ እንመልሰው» የሚል አሳብ አቅርበው ነበር። እኔ ተቃወምሁ፤ ዛሬም እቃወማለሁ። ለሁለት አሮጌ ዕቃዎች ሲባል የግቢውን ሁሉ በር ክፍት አድርጎ ማደር ተገቢ አይደለም። ድራይቨር ማግኘት ማለት ሁልጊዜ መጠቀም ማለት አለመሆኑን ከዚህ መማር ይገባናል።

ሌላም የምቃወመው ነገር አለ፤ ይኸውም ድራይቨርን ከየትም አንሥቶ የመጫን ልማድ ነው። የሚፈልጉትን ስም ብቻ ጽፈው የመጀመሪያውን ገጽ የሚከፍቱ ብዙዎች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ትልልቅ ምልክት በየቦታው ይታያል፤ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ ድራይቨሩ ሳይሆን ማስታወቂያ የሚያዘንብ ሌላ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም አይደለም። በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልብ ውስጥ ገብቶ በሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ነው። ለማናውቀው ሰው የቤታችንን ቁልፍ እንደማንሰጥ ሁሉ፣ ምንጩን ለማናውቀው ድራይቨርም ይህን ሥልጣን ልንሰጠው አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ በጣም ይስማማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ሊኑክስ ነው። «ተማሪ የሚማረው ዊንዶውስ ነው፤ ሌላ ነገር ማምጣት ማደናገር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የምንማረው የአንድ ኩባንያ ዕቃ ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው እላለሁ። ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ፕሮግራም መጻፍ በሁለቱም ይቻላል። ከዚህም ሌላ ስለ ገዛ ፊደላችን የምንናገረው አለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ግን «ናያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አብሮ ያወጣው በ2007 ለሽያጭ ከቀረበው ቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ በኤክስ ፒ ላይ ፊደላችን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነ በቀር ባዶ ሳጥን እየሆነ ይታያል። በዛሬው ሊኑክስ ግን አማርኛ መጻፍ ቀላል ነው። እርግጥ ነው፣ በዚህም በኩል ጊዜው እየጠበበ ነው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2023 ባወጣው 12ኛ ዕትሙ ለ32 ቢት ኮምፒዩተሮች መጫኛ ነበረው፤ በ2025 ባወጣው 13ኛ ዕትሙ ግን ይህን ትቷል። ስለዚህ የሚሠራው መጫኛ ሳይጠፋ ቅጂውን ዛሬውኑ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ ዋናውን ምክንያት አሁን እናገራለሁ። ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቢዘጋበት እንኳ እቤቱ ገብቶ ይሠራል። የሌለው ግን በሳምንት የሚያገኛት ሰዓት ያችው አንዷ ክፍለ ጊዜ ናት። በዚያችም ክፍለ ጊዜ አንዱን ኮምፒዩተር ሦስትና አራት ሆነን ከብበን እንቀመጣለን። አንዱ ይነካል፤ ሌሎቹ ያያሉ። ደፋር የሆነው ሁልጊዜ ይነካል፤ ዝምተኛው ሁልጊዜ ያያል። ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም የምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፤ እጁ የተማረው ግን አንዱ ብቻ ነው። 12 ኮምፒዩተሮች ተጨመሩ ማለት 12 ዝምተኞች እጃቸውን ዘረጉ ማለት ነው። እኔ ስለ አሮጌ ብረት የምከራከረው ስለ ብረቱ ብዬ ሳይሆን ስለ እነዚህ ልጆች ብዬ ነው።

እንግዲህ መናገር ብቻ ሳይሆን ምን መደረግ እንዳለበት ማመልከት ስለሚገባ፣ የሚከተሉትን አራት አሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ በኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ መዝገብ ይከፈት። በመዝገቡም ላይ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተርና የእያንዳንዱ የዋይፋይ መቀበያ ስም፣ የዕትም ቍጥርና መለያ ቍጥር፣ እንዲሁም የተስማማው ድራይቨርና የተገኘበት ቦታ ይጻፍ። ይህ ቢደረግ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች እኛ የደከምንበትን እንደ ገና አይደክሙበትም።

2ኛ፤ የተገኙት ድራይቨሮች ሁሉ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተቀድተው ይቀመጡ። አንዱ በኮምፒዩተር ክፍሉ፣ አንዱም በቤተ መጻሕፍቱ ይሁን። መጽሐፍ እንደሚጠበቅ እነዚህም ይጠበቁ።

3ኛ፤ ወደ ፊት ዕቃ ሲገዛም ሆነ በስጦታ ሲመጣ፣ ድራይቨሩ አብሮ ካልተረከበ ዕቃው ሙሉ በሙሉ እንደ ተረከበ አይቈጠር። ላኪውን በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

4ኛ፤ ኮምፒዩተሮቹ በሁለት ይከፈሉ። በኤክስ ፒ ላይ የሚቀሩት በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሥሩ፤ ወደ ሊኑክስ የተዛወሩት ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ይውጡ። በየትኛው ኮምፒዩተር ምን እንደሚሠራ በላዩ ላይ በጕልህ ይጻፍበት።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችን በመሳቢያና በቁም ሣጥን ላይ የተረሱ ሲዲዎች ይኖራሉ፤ ከዋይፋይ መቀበያ፣ ከማተሚያ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር የመጡ። ለእርስዎ የማይጠቅሙ ከሆነ ከመጣልዎ በፊት ለትምህርት ቤታችን ይስጡልን። በገበያ የማይገኝ ሀብት ነውና።

አምራቾችም ቢሰሙን፣ አንድን ዕቃ መሥራት ሲያቆሙ ድራይቨሩን ከገጻቸው ከማንሣት ይልቅ ለሕዝብ ቢተዉት ምን ይጐዳቸው ነበር? ከዚህም ቢሻል የድራይቨሩን ምንጭ ጽሑፍ ቢለቁት፣ ሌሎች ተቀብለው ሊያድሱት ይችላሉ። ይህ የማይቻል ሕልም አይደለም። ከላይ ባነሣሁት በ«722 ኤን» የመጀመሪያ ዕትም ውስጥ ያለው የኤቴሮስ ቺፕ ድራይቨሩ በሊኑክስ ውስጥ በግልጽ ስለ ተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላም ሊኑክስ ወዲያው ያውቀዋል። ሸማቹም ዕቃ ሲመርጥ ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ደግሞ ቢጠይቅ አምራቾች መስማታቸው አይቀርም።

ምናልባት «ኤክስ ፒ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ያለን አዲስ ስለ ሆነ አያሰጋንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ዊንዶውስ 10 የተለመደው ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን ያስታውስ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚቀበላቸውን ኮምፒዩተሮች በጥብቅ ስለሚመርጥ፣ ዛሬ በደንብ የሚሠሩ ብዙዎች ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም። እንግዲህ ዛሬ «አዲሶቹ» የምንላቸው ኮምፒዩተሮቻችን ነገ በዚያው ጥግ ሊደረደሩ ተራቸውን ይዘዋል። ልዩነቱ ግን የእነርሱ ድራይቨሮች ዛሬ ገና በየገጹ መገኘታቸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አሁን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀድተን የምናስቀምጠው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ወር ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ! አገራችን ያላትን ዕቃ በአግባቡ ሳትጠቀምበት የምትጥልበት አቅም የላትም። ያረጀውን ሁሉ እናምልከው አልልም፤ አደገኛውን ከኢንተርኔት እናርቀው፣ ሊሠራ የማይችለውንም በክብር እንሸኘው። ነገር ግን አስተርጓሚ በማጣቱ ብቻ ዝም ያለውን ዕቃ «ሞቷል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ መለያ ቍጥሩን እንጠይቀው። መዝገቡን የሚጽፉ፣ ፋይሉን የሚቀዱ፣ ለታናናሾቻቸውም የሚያስተላልፉ ተማሪዎች ካሉን፣ በሚመጣው ዓመት አንዱን ኮምፒዩተር ለአራት መክበባችን ይቀራል። ለዚህም ሥራ የኮምፒዩተር ክበባችን በር ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይምጣና አብሮን ይሥራ።